ከመስተዋቱ በስተኋላ፤ «1984» የተባለው ቴአትር በሎንዶን ቴሌቪዥን የታየባቸው ሁለት ሌሊቶች

በኤውሮፓ አቈጣጠር ዲሴምበር 12 ቀን 1954፣ በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 3 ቀን 1947 ዓ.ም.፣ እሑድ ማታ፣ በምዕራብ ሎንዶን ላይም ግሮቭ በሚባለው መንገድ ላይ በሚገኘው ስቱዲዮ ውስጥ ከሃያ የሚበልጡ ተዋንያን ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፊታቸውንም ተኳኵለው የሰዓቱን መድረስ ይጠባበቁ ነበር። የሚያሳዩት ጨዋታ ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ አስቀድሞ በፊልም ከተነሡት ጥቂት ክፍሎች በቀር፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ድረስ በስቱዲዮ ሲሠራ በዚያው ቅጽበት በየቤቱ የሚታይ ነበር። ቃሉ የጠፋበት ተዋናይ ቢኖር ቃሉ እንደ ጠፋበት ይታያል፤ የወደቀ ዕቃ ቢኖር እንደ ወደቀ ይታያል። እንደ ሲኒማ ፊልም የተበላሸውን ቈርጦ መጣል፣ የቀረውንም መቀጠል አይቻልም።

የቴአትሩ ስም «1984» ይባላል። መጽሐፉን የደረሰው እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል ነው፤ በሳምባ በሽታ እየተሠቃየ በስኮትላንድ አገር ጁራ በምትባለው ደሴት ተቀምጦ ጽፎ ጨረሰውና በጁን 1949 ታተመ። ደራሲው ግን የመጽሐፉን ዝና ጠግቦ ሳያይ በጃንዋሪ 1950፣ በ46 ዓመቱ ዐረፈ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ታሪኩ ገና ላልመጣ ዘመን የታሰበ ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር የአንድ ፓርቲ ርስት ሆናለች፤ «ታላቅ ወንድም» የሚባል መሪ ሥዕሉ በየግድግዳው ተለጥፎ ሕዝቡን ይመለከታል፤ በየቤቱም እንደ ቴሌቪዥን ያለ መስተዋት ተተክሏል፤ ይህ መስተዋት ግን ሥዕል ማሳየት ብቻ ሳይሆን በፊቱ ያለውን ሰው ያያል፤ ይሰማልም። ዊንስተን ስሚዝ የሚባለው የታሪኩ ባለቤት በ«እውነት ሚኒስቴር» ውስጥ ጸሐፊ ነው። ሥራውም የቀድሞ ጋዜጦችን ማረም ነው፤ ይኸውም መንግሥት ዛሬ የሚለው ቃል ትናንት ካለው ጋር እንዳይጋጭ የትናንቱን ቃል መለወጥ ማለት ነው። በመዝገብ ቤት ያገለገለ ሰው የዚህን ሥራ ክፋት ከማንም በፊት ያስተውለዋል። በእኛ ዘንድ የታረመ ጽሑፍ ቢኖር ያረመው ሰው ፊርማና ቀን ይኖረዋል፤ አሮጌውም ወረቀት ከፋይሉ ውስጥ ይቀራል። በዊንስተን መሥሪያ ቤት ግን አሮጌው ወረቀት በግድግዳው ቀዳዳ ተጥሎ ይቃጠላል፤ አዲሱም ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይባላል።

ኦርዌል ራሱ ከ1941 እስከ 1943 በቢ.ቢ.ሲ. ተቀጥሮ ወደ ህንድ አገር የሚተላለፍ የራዲዮ ፕሮግራም ያዘጋጅ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ የመጨረሻው ሥቃይ የሚፈጸምበት ክፍል «101» ተብሎ መጠራቱ፣ ደራሲው በዚያ መሥሪያ ቤት ይሰበሰብበት ከነበረው ክፍል ቍጥር የተወሰደ ነው ይባላል። እንግዲህ ይኸው መሥሪያ ቤት ነው ደራሲው በሞተ በአምስተኛው ዓመት መጽሐፉን ወደ ቴአትር ለውጦ ለሕዝብ ለማሳየት የቈረጠው።

ሥራው የተሰጠው ለሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው አዘጋጁ ሩዶልፍ ካርትየር ሲሆን በ1904 በቪየና የተወለደ፣ በስመ ጥሩው የቴአትር መምህር በማክስ ራይንሃርት ሥር የተማረ፣ በበርሊንም ለሲኒማ ድርሰት ይጽፍ የነበረ አይሁዳዊ ነው። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ፤ በኤውሮፓ የቀሩት ቤተ ሰቦቹ፣ እናቱም ጭምር፣ በናዚዎች እጅ ተገደሉ። ሁለተኛው በማን ደሴት (አይል ኦፍ ማን) ያደገው ወጣቱ ደራሲ ናይጅል ኒል ነው። እነዚህ ሁለቱ በ1953 በጋ «የኳተርማስ ሙከራ» የተባለውን ስድስት ክፍል ያለው ጨዋታ በአንድነት አሳይተው የእንግሊዝን ተመልካች በፍርሃት አስደግፈውት ነበር። ለስድስቱም ክፍል የተመደበው ገንዘብ 4000 ፓውንድ የማይሞላ ስለ ነበረ፣ በመጨረሻው ክፍል በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይታያል የተባለውን አስፈሪ ፍጥረት ኒል ራሱ ሊሠራው ግድ ሆነበት። የእጅ ጓንት ወስዶ ቅጠልና ቍርጥራጭ ለጥፎበት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ውስጥ የሚያሳይ ትልቅ ፎቶግራፍ ቀዶ፣ ሁለቱን እጆቹን በቀዳዳው አውጥቶ አንቀሳቀሳቸው። በየቤቱ የተቀመጠው ሕዝብ ያየው ግን ቤተ ክርስቲያኑን የሞላ ጭራቅ ነበር። ገንዘብ ያነሰው ሰው ብልሃት ይበዛዋል፤ ነጋዴ አንባቢዎቻችን ይህን ሳንነግራቸው ያውቁታል።

ለ«1984» የወጣው ገንዘብ ለአንዱ ቴአትር ብቻ ከ3000 ፓውንድ በላይ ነበር። ያን ጊዜ ለአንድ የቴሌቪዥን ጨዋታ ይህን ያህል ማውጣት ያልተለመደ ነው። ገንዘቡ ወዴት እንደ ሄደ ለመረዳት የስቱዲዮውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

ላይም ግሮቭ ቀድሞ የሲኒማ ፊልም ኩባንያ የነበረ ሕንጻ ነው፤ ቢ.ቢ.ሲ. የገዛው በ1949 ነው። ለሲኒማ የተሠራ አዳራሽ አንዱን ትዕይንት ዛሬ ሠርቶ፣ ነገ አፍርሶ፣ ከነገ ወዲያ ሌላውን ለመሥራት ይመቻል። ለዚህ ቴአትር ግን የዊንስተን ቤት፣ የመሥሪያ ቤቱ ክፍል፣ የሠራተኞች ምግብ ቤት፣ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ሱቅና ከበላዩ ያለው መኝታ ቤት፣ የእሥር ቤቱ ክፍል፣ ሌሎችም ብዙ ሥፍራዎች በአንድ ሌሊት ሁሉም ቆመው መገኘት አለባቸው። ባሪ ሌሮይድ የተባለው ሠዓሊ ሁሉንም በአንድ ጣራ ሥር እንደ ገበያ ድንኳን አጠጋግቶ ደረደራቸው። የትዕይንቱን ሥፍራዎች ቍጥር የሚመለከት ሰው አዳራሹ እንዴት እንደ ቻላቸው ይደነቃል፤ አብዛኛው ግን ሁለት ግድግዳና አንድ በር ብቻ ነበር፤ ካሜራ የማያየውን ግድግዳ ማን ይሠራል?

በእነዚህ ሥፍራዎች መካከል ካሜራዎቹ በመንኰራኵር ይመላለሳሉ። እያንዳንዱ ካሜራ ከኋላው ወፍራም ገመድ ይጐትታል፤ ሁለቱ ገመዶች የተጠላለፉ እንደሆነ ጨዋታው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ የካሜራው መንገድ ልክ እንደ ባቡር ጕዞ በወረቀት ላይ ተነድፎ፣ በወለሉ ላይ ምልክት ተደርጎበት፣ በልምምድ ተጠንቶ ያለቀ መሆን አለበት። ድምፅ የሚቀበለው መሣሪያ በረጅም ዘንግ ላይ ተሰቅሎ ከተዋንያኑ ራስ በላይ ይንሳፈፋል፤ ጥላው በግድግዳ ላይ ቢወድቅ ምሥጢሩ ሁሉ ይገለጣል። ሠራተኞቹ እግራቸው ኮሽ እንዳይል ተጠንቅቀው ይሄዳሉ። አዘጋጁ ከበላይ ባለው ክፍል ተቀምጦ የየካሜራውን ሥዕል በየመስተዋቱ እየተመለከተ «አሁን ይህኛው፤ አሁን ያኛው» እያለ ያዛል፤ እርሱ የመረጠው ሥዕል በዚያው ሰኮንድ ወደ አገሩ ሁሉ ይሄዳል። እንደ ጦር ሜዳ አዛዥ ነው፤ ልዩነቱ ጦር ሜዳ አንዳንድ ጊዜ ማፈግፈግ መቻሉ ነው።

እንግዲህ አንድ ችግር አለ። ዊንስተን በአንዱ ትዕይንት መጨረሻ ላይ በቤቱ ተቀምጦ ይታያል፤ በሚቀጥለው ትዕይንት መጀመሪያ ላይ ሌላ ልብስ ለብሶ በሌላ ሥፍራ መገኘት አለበት። በሲኒማ ይህ ምንም አይደለም። በስቱዲዮ ግን ሰውየው በእግሩ መሮጥ፣ ልብሱንም መለወጥ አለበት፤ ለዚህም ጊዜ ያሻዋል። ካርትየር ይህን ጊዜ የገዛው አስቀድሞ በኖቬምበር ወር ባስነሣቸው የፊልም ክፍሎች ነው። ተዋናዩ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ በሚሮጥበት ጊዜ በየቤቱ ያለው ተመልካች በፊልም የተነሣውን ያያል። ፊልሙም ቢሆን በታዘዘ ቅጽበት አይነሣም፤ መሣሪያው ተንቀሳቅሶ ፍጥነቱን እስኪይዝ ጥቂት ሰኮንዶች ይፈጅበታል፤ ስለዚህ አዘጋጁ ተዋናዩ የመጨረሻውን ቃል ከመናገሩ በፊት ቈጥሮ ማዘዝ አለበት። ተዋናዩ ቢዘገይ ፊልሙ ቃሉን ይቈርጥበታል፤ ቢፈጥን ደግሞ ተመልካቹ ሥራ የፈታ ፊት ይመለከታል።

እነዚህ ፊልሞች ሌላም ጥቅም ሰጥተዋል። ያን ዘመን የቴሌቪዥን ቴአትር ማለት ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሲነጋገሩ ማሳየት ነበር፤ ካርትየር ግን ይህን አይወድም፤ ሰፊ ሥፍራና ብዙ ሕዝብ ማሳየት ይፈልጋል። በፊልሙ ሰፊውን አሳየ፤ በስቱዲዮው ደግሞ የሰውን ፊት አቅርቦ አሳየ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ስፌት ተመልካቹ እንዳያስተውለው አደረገ።

ሙዚቃውን የደረሰው ጆን ሆችኪስ ነው። ከሸክላ የተቀዳ ሙዚቃ እንዲገባ አልተፈቀደም፤ ሙዚቀኞቹ ጎን ባለው ሌላ ስቱዲዮ ተቀምጠው፣ መሪያቸው ሥዕሉን በመስተዋት እየተመለከተ፣ ከተዋንያኑ ጋር እኩል እየሄደ አስመታቸው። በግድግዳ ተለያይተው በአንድ ምት መሄድ ምን ያህል አስጨናቂ እንደሆነ ያሬዳዊ ዜማ በሁለት ወገን ሆኖ ሲባል የሰማ ሰው ይገምተዋል። የዊንስተንን የልብ አሳብ በተመለከተም ሌላ ብልሃት ተገኘ። በዚያ አገር አሳብን በአፍ መናገር ሞት ነው፤ እንግዲህ አሳቡ ለተመልካቹ እንዴት ይሰማ? የተዋናዩ ድምፅ አስቀድሞ ተቀረጸና እርሱ ዝም ብሎ በካሜራው ፊት ሲቀመጥ ድምፁ እንዲሰማ ተደረገ። ፊቱ ምንም ሳይለወጥ አሳቡን የሚሰማው ተመልካች ከሚስጢሩ ተካፋይ ሆነ፤ አብሮትም ፈራ።

ይህን ፊት የያዘው ፒተር ኩሺንግ ነው። ያን ጊዜ 41 ዓመቱ ሲሆን በቴሌቪዥን ቴአትር ስሙ እየታወቀ የሄደ ተዋናይ ነበር። ጁልያን ኢቮን ሚቸል፣ መርማሪውን ኦብራየንን አንድሬ ሞሬል ሆነው ተጫወቱ። ኩሺንግ በባሕርዩ ለስላሳና ጨዋ ሰው ስለሆነ፣ ሲሠቃይ ማየት ለተመልካቹ ይበልጥ ከባድ ሆኖበታል፤ ሞሬልም በበኩሉ አልጮኸም፤ አልተቈጣም፤ እንደ አባት እያባበለ ነው ሰውየውን የሰባበረው። በእኔ ግምት ከቴአትሩ ሁሉ የሚልቀው ይህ ነው። ቍጡ መርማሪን ሁሉም ሰው ይጠላዋል፤ ትሑት መርማሪ ግን የተመረመረውን ሰው ጥፋተኛ እንደሆነ ያሳምነዋል።

የ«ታላቅ ወንድም» ፊት ከየት መጣ? ተዋናይ ተቀጥሮ አልነበረም። በቢ.ቢ.ሲ. የትዕይንት ሥዕል ክፍል ሠራተኛ የነበረው ሮይ ኦክስሊ ነው ፎቶግራፉን የሰጠው። አንዲት ቃል ሳይናገር፣ በስቱዲዮም ሳይቆም፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው ፊት የእርሱ ሆነ። ጥቍር ጽሕም ያለው፣ ዐይኑ ወደ ፊት የተተከለ ሰው ነው። የዚህን ዓይነት ሥዕል ለማየት እስከ 1984 መቈየት ያላስፈለጋቸው አገሮች አሉ። በፋሺስት ዘመን ኢጣልያ በየገዛችው ሥፍራ ሁሉ በግድግዳ ላይ በትላልቅ ፊደል «መሪው ሁልጊዜ ልክ ነው» የሚል ቃል ይጻፍ ነበር፤ ሕፃናትም ፊደል በሚቈጥሩበት መጽሐፍ ውስጥ የመሪውን ሥዕል ያገኙት ነበር። ካርትየርም ከበርሊን የሸሸው ይህንኑ የመሰለ ግድግዳ አይቶ ነው፤ ስለዚህ ስለ አስፈሪነቱ ከመጽሐፍ መማር አላስፈለገውም።

ካርትየር ይህን ጕዳይ አስመልክቶ በ1958 በጻፈው ጽሑፍ አንድ ቁም ነገር አስገንዝቧል። በሲኒማ አዳራሽ የተቀመጠ ሰው ከብዙ ሕዝብ ጋር ሆኖ፣ ታላቁን መጋረጃ ከሩቅ ያያል፤ የ«ታላቅ ወንድም» ዐይን ቢመለከተውም ሌላውን እንደሚመለከት ይቈጥረዋል። በቤቱ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ግን የሚያየው ከገዛ መስተዋቱ፣ በገዛ ክፍሉ ውስጥ ነው። በታሪኩ ውስጥ ያለው ክፉ መስተዋትና ተመልካቹ በወር ክፍያ ከሱቅ የገዛው መስተዋት መልካቸው አንድ ሆነ። ይህን ውጤት ለማግኘት አንድ ፓውንድ እንኳ አልወጣበትም።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ ጥቂት ልበል፤ የትርጕም ሥራ ያለበት ሰው ይህን ትዕይንት ሳያነሣ ማለፍ አይችልምና። ዶናልድ ፕሌዘንስ ሆኖ የተጫወተው ሳይም የሚባለው ሰው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ነው። በምግብ ቤቱ ተቀምጦ ሾርባውን እየበላ ስለ ሥራው በደስታ ያወራል። የሌላው አገር መዝገበ ቃላት ቃል ይጨምራል፤ የእርሱ ግን በየእትሙ ቃል ይቀንሳል። «መልካም» ካለ «ክፉ» የሚል ቃል አያስፈልግም፤ ለ«መልካም» አሉታ ማስቀደም ይበቃል። እንዲሁ እየተቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ሰው ክፉ አሳብ ሊያስብ ቢፈልግ እንኳ የሚያስብበት ቃል ያጣል። በእንግሊዝኛ ይህ ቀልድ በሁለት ፊደል ጭማሪ ይከናወናል። በአማርኛ ግን አሉታ የሚገባው በግሥ ውስጥ ነው፤ «መልካም ያልሆነ» ያለ ሰው ሁለት ቃል ተናገረ እንጂ ቃል አልቀነሰም። ከዚህም በላይ የእኛ ቋንቋ አንዱን ቃል ሰም፣ ሌላውን ወርቅ አድርጎ መናገርን የለመደ ነው፤ ቃል ቢቀነስበት በቀረው ቃል ውስጥ ሌላውን ይሸሽግበታል። የሳይም መዝገበ ቃላት አንድ የቅኔ ተማሪ ቢያጋጥመው ሥራው ሁሉ መና ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። ፕሌዘንስ ግን ይህን ትዕይንት በሚያስደንቅ ሁኔታ ተጫውቶታል፤ ሰውየው የሚወደውን ሥራ የሚያወራ ሊቅ ነው የሚመስለው፤ ዐይኑም ይበራል።

የመጨረሻው ክፍል «101» ነው። በዚያ ክፍል ለእያንዳንዱ እስረኛ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ነገር ይቀርብለታል፤ ለዊንስተን የቀረበለት በሽቦ ሣጥን ውስጥ ያለ አይጥ ነው። ሣጥኑ ፊቱ ላይ እንዲገጠም ሆኖ ተሠርቷል። ለእንዲህ ያለው ሥራ በዚያን ጊዜ በርናርድ ዊልኪና ጃክ ካይን የተባሉ ሁለት ሠራተኞች ነበሩ፤ ቢ.ቢ.ሲ. የትዕይንት ብልሃት ክፍል ብሎ ያቋቋማቸው ገና በዚያው በ1954 ነው። ተመልካቹ የአይጥ ንክሻ አላየም፤ ያየው የኩሺንግን ፊት፣ የሰማውም ጩኸቱን ነው። ይህ በቃው፤ እንዲያውም አልፎ ተረፈው።

ቴአትሩ ሲያበቃ የቢ.ቢ.ሲ. ስልክ አላርፍ አለ። በማግሥቱ ጋዜጦች ሁሉ ስለዚሁ ጻፉ። አንዳንዱ አመሰገነ፤ ብዙው ግን እሑድ ማታ፣ ቤተ ሰብ በተሰበሰበበት ሰዓት እንዲህ ያለ ሥቃይ ወደ ቤት መግባቱ ነውር ነው አለ። አንድ ታላቅ ዕለታዊ ጋዜጣም አንዲት ሴት ቴአትሩን በመመልከት ላይ ሳለች ሞተች የሚል ዜና በትልቅ ርእስ አወጣ። በእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤትም ጥቂት አባሎች በእሑድ ማታ የሚቀርበው የቴሌቪዥን ጨዋታ ወደ ጭካኔና ወደ ዝሙት ስሜት እያዘነበለ ነው የሚል የወቀሳ አሳብ አቀረቡ። ወዲያው ሌሎች አባሎች ደግሞ ወቀሳውን የሚቃወም አሳብ ጻፉ። አንዱ ወገን ጭካኔውን አየ፤ ሌላው ወገን ጭካኔውን የሚያወግዘውን አሳብ አየ። ሁለቱም ያዩት አንዱን ቴአትር ነው።

ነገሩ ከወሬ ያለፈ ነበር፤ ምክንያቱም የቢ.ቢ.ሲ. ልማድ የእሑዱን ቴአትር በሐሙስ ማታ ደግሞ ማሳየት ነበር። ማሳየት ማለትም የተቀዳውን መልሶ ማስኬድ አይደለም፤ የሥዕል መቅጃ ቴፕ ገና በሥራ ላይ ስላልዋለ፣ ተዋንያኑ ሁሉ እንደ ገና መጥተው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መጫወት ነበረባቸው። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤቱ አለቆች የቀረበው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ሐሙስ ይታይ ወይስ አይታይ? የሚወስኑበትም ጊዜ ሦስት ቀን ብቻ ነው።

የአስተዳደር ሥራ ያለበት አንባቢ ይህን ችግር ከነክብደቱ ይረዳዋል። በዚያን ዓመት በእንግሊዝ አገር ከቢ.ቢ.ሲ. ሌላ ቴሌቪዥን አልነበረም፤ ነገር ግን የንግድ ቴሌቪዥን የሚያቋቁመው ሕግ በዚያው በ1954 ጸድቆ ነበርና ተወዳዳሪው በሚቀጥለው ዓመት በሴፕቴምበር ሥራውን ሊጀምር ነው። ቴአትሩን ቢሰርዙ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በጩኸት ይመለሳል የሚል ምሳሌ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ የጮኸ ሁሉ ይሰማል። ባይሰርዙ ደግሞ ከሕዝብ በሚሰበሰብ ገንዘብ የሚተዳደር መሥሪያ ቤት የከፋዩን ሕዝብ ቅሬታ ናቀ ያሰኛል። የምክር ቤት ወቀሳም ለእንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ቀላል አይደለም። ደግሞም አስቡት፤ የተሰረዘው ቴአትር ስለምን የሚናገር ነው? መንግሥት ያልወደደውን ቃል ስለ ማጥፋት የሚናገር ነው።

የቢ.ቢ.ሲ. የበላይ ጠባቂዎች ጉባኤ ተሰብስቦ በጥቂት ድምፅ ብልጫ ይታይ ሲል ወሰነ። የቴአትር ክፍል ኀላፊው ማይክል ባሪ ረቡዕ ማታ በ«ፓኖራማ» ፕሮግራም ላይ ቀርቦ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ተከላከለ፤ ሐሙስም ከቴአትሩ አስቀድሞ ራሱ በመስተዋቱ ላይ ታይቶ ለተመልካቹ ማስጠንቀቂያና መግለጫ ሰጠ። አለቃ በጽሕፈት ቤቱ ተሸሽጎ የበታቹን ለጩኸት አሳልፎ መስጠት ሲችል፣ ራሱ ፊቱን ለሕዝብ ማሳየቱ የሚመሰገን ነው። በዚያው ሰሞን የኤዲንበርግ መስፍን ልዑል ፊልጶስ በአንድ ስብሰባ ላይ ንግሥቲቱና እርሳቸው ቴአትሩን እንዳዩትና በጣም ደስ እንዳላቸው ተናገሩ። ከዚህ በኋላ የወቃሾቹ ድምፅ ቀዝቀዝ ማለቱን መናገር አያስፈልግም።

ተዋንያኑ ግን በእነዚያ ቀኖች ምን ዓይነት ልብ ይዘው ወደ ስቱዲዮ እንደ ተመለሱ መገመት አያስቸግርም። እሑድ ማታ ማንም ምን እንደሚመጣ አያውቅም ነበር፤ ሐሙስ ግን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ግማሹ ለማድነቅ፣ ግማሹ ለመክሰስ ተቀምጧል። ዲሴምበር 16 ቀን ቴአትሩ ለሁለተኛ ጊዜ ተጀመረ። የተመልካቹ ቍጥር ሰባት ሚሊዮን ያህል ሆነ፤ በጁን 1953 ከተደረገው ከንግሥት ኤልሳቤጥ ሥርዐተ ንግሥ ወዲህ ይህን ያህል ሕዝብ ቴሌቪዥን ተመልክቶ አያውቅም ተባለ። ወቃሾቹ ለዚህ ቍጥር ያደረጉት አስተዋፅኦ ቀላል አይደለም።

ዛሬ ቴአትሩን ማየት የምንችለው ከዚህች ከሐሙሷ ሌሊት የተነሣ ነው። የእሑዱ ጨዋታ አልተቀዳም፤ ሥዕሉ በአየር ላይ ሄዶ ጠፋ። ሐሙስ ግን የፊልም ካሜራ በአንድ የቴሌቪዥን መስተዋት ፊት ተደቅኖ በመስተዋቱ ላይ የሚታየውን ሁሉ አነሣ። በዚህ ዓይነት የተነሣ ሥዕል ጥራቱ ይቀንሳል፤ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ቢሆንም ጨዋታው ሳይቈረጥ ከነስሕተቱ ተጠብቆ ቀርቷል። ያን ጊዜ የተዋንያንና የሙዚቀኞች ማኅበሮች የተቀዳ ጨዋታ በተደጋጋሚ ቢታይ ሥራችንን ያሳጣናል ብለው ይሰጉ ስለ ነበረ መቅዳት ዘወትር የሚደረግ ነገር አልነበረም፤ ብዙ መልካም ሥራም በዚህ ምክንያት ከነአካቴው ጠፍቷል።

የንግዱን ነገር ካነሣን አይቀር፣ ከቴአትሩ ትልቁን ትርፍ ያገኙት መጽሐፍ ሻጮች ናቸው። የኦርዌል መጽሐፍ በርካሽ ዋጋ የታተመው እትም በዚያው ዓመት ወጥቶ ስለ ነበረ፣ ከእሑዱ ሌሊት በኋላ ሽያጩ በብዙ እጥፍ አደገ። ደራሲው በሕይወት ዘመኑ ያላገኘውን አንባቢ ተቃዋሚዎቹ በአንድ ሳምንት አመጡለት። ቀልደኞችም አላረፉም፤ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ፣ በጃንዋሪ 1955፣ የቢ.ቢ.ሲ. ራዲዮ «ጉን ሾው» የተባለው የቀልድ ፕሮግራም «1985» የሚል ጨዋታ አቅርቦ ቢ.ቢ.ሲ.ን ራሱን «ታላቅ ወንድም» አደረገው። መሥሪያ ቤቱ በራሱ ላይ የተቀለደውን ቀልድ በራሱ አየር አስተላለፈ። በኦርዌል አገር ይህ ቀልደኛ እስከ ማግሥቱ አይውልም ነበር።

ካርትየርና ኒል በ1955 «ኳተርማስ ሁለተኛ» የተባለውን ጨዋታ በአንድነት አዘጋጁ። ኩሺንግ የቴሌቪዥን አዘጋጆች ማኅበር ሽልማት ተሰጠው፤ በ1957ም በሲኒማ ባሮን ፍራንከንስታይንን ሆኖ ተጫውቶ ስሙ በዓለም ታወቀ። በ1965 ቢ.ቢ.ሲ. የኒልን ድርሰት በሌሎች ተዋንያን እንደ ገና አሠራው፤ ያ ሥራ ጠፋ ተብሎ ብዙ ዘመን ከቈየ በኋላ በ2010 አንድ ቅጅ፣ ጥቂት ክፍል ጐድሎት፣ በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተገኘ። የ1954ቱ ቅጅ ግን በመዝገብ ቤት ተቀምጦ በ1977 ለተመልካች ቀረበ። ካርትየርና ኩሺንግ ሁለቱም በ1994 ዐረፉ፤ ኒል በ2006 ተከተላቸው። የላይም ግሮቭ ስቱዲዮ ቢ.ቢ.ሲ. በ1991 ከለቀቀው በኋላ በ1993 ፈረሰ፤ በሥፍራው የመኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል።